መስማትና መመለስ

የሰው ልጅ ከሠራቸው መሣሪያዎች መካከል አንዳንዶቹ በግዙፍነታቸው ይታወቃሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ሥራቸው ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ መልካቸው አነስተኛ በመሆኑ የሚያስታውሳቸው የለም። ከራዲዮ መነጋገሪያ ዕቃዎች መካከል ይህ ዕድል የደረሰው የማይክሮፎኑ ገመድ ነው። ጎብኚ ወደ አንድ የራዲዮ ጣቢያ በገባ ጊዜ በመጀመሪያ ከጣራው በላይ የቆመውን አንቴና ያደንቃል፤ ቀጥሎም መብራቱ የሚያበራውን፣ ቁጥሩ የሚዞረውን ሣጥን ይመለከታል። ከሣጥኑ ወጥቶ ወደ ተናጋሪው እጅ የሚደርሰውን፣ ውፍረቱ ከእርሳስ የማይበልጠውን፣ ርዝመቱም ሁለት ክንድ የማይሞላውን ጥቁር ገመድ ግን ልብ ብሎ የሚያየው የለም።

ዳሩ ግን ያ ገመድ በተበጠሰ ጊዜ የሚሆነውን ማሰብ ይገባል። ራዲዮው አይሞትም። መብራቱ ይበራል፤ ድምፅ ይቀበላል፤ የሩቅ ሰው ሲናገር ጥርት ብሎ ይሰማል። የጠፋው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም መመለስ ነው። ባለ ራዲዮው በአንድ ጊዜ ከተነጋጋሪነት ወደ ሰሚነት ይወርዳል። ስሙን እየጠሩ ሲፈልጉት ያዳምጣል፤ «አለሁ» ለማለት ግን አቅም የለውም። አበው «ካለመናገር ደጅአዝማችነት ይቀራል» ሲሉ ያሰቡት አንደበት እያለው ዝም ያለውን ሰው ነው። አንደበት እያለው፣ ቃልም እያለው፣ ክንድ በማይሞላ ሽቦ ምክንያት ዝም ያለውን ሰው ቢያዩት ኖሮ ምን ይሉ እንደ ነበር አላውቅም። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሰው አይቻለሁ፤ ስለዚህም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ የራዲዮ አማተር የሚባለው ማን እንደ ሆነ ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። «አማተር» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ወዳጅ» ማለት ነው። የራዲዮ አማተር ለደመወዝ ወይም ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀቱ ፍቅር ሲል፣ ከመንግሥቱ ፈቃድና የመጠሪያ ምልክት ተቀብሎ፣ በገዛው ወይም ራሱ በሠራው መሣሪያ በሌላ አገር ካለው ባልንጀራው ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። ዘፈን አያሰማም፤ ዜና አያውጅም፤ ዕቃ አይሸጥም። ከማሠራጫ ጣቢያ የሚለየውም በዚህ ነው። በማሠራጫ ጣቢያ አንዱ ይናገራል፣ ሚሊዮን ይሰማል፤ በአማተር ራዲዮ ግን የተናገረ ሁሉ መልስ ይጠብቃል፤ የሰማም ሁሉ ለመመለስ መብት አለው።

እንዲያውም የሰው ድምፅ በራዲዮ ሞገድ መጓዝ የጀመረው በጥያቄ ነው። በታኅሣሥ ወር 1893 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ. በ1900) ሬጂናልድ ፌሰንደን የተባለው የካናዳ ተወላጅ፣ በአሜሪካ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ባለችው በኮብ ደሴት፣ ድምፁን አንድ ማይል ያህል ርቀት አስተላለፈ። የተናገረው ዐዋጅ ወይም ስብከት አልነበረም፤ በዚያ በኩል በረዶ ይጥል እንደ ሆነ ረዳቱን ጠየቀው። ረዳቱ ጥያቄውን በጆሮው ሰማ፤ ነገር ግን በእርሱ ዘንድ የመናገሪያ መሣሪያ ስላልነበረ መልሱን በቴሌግራፍ ምልክት ላከ። ስለዚህ በመጀመሪያው የራዲዮ ንግግር አንደኛው ወገን ተናጋሪ ሆነ፤ ሁለተኛው ወገን ግን የሚመልስበት ማይክሮፎን ስለ ሌለው በምልክት እየመታ ለመመለስ ተገደደ። ይህ ነገር በኋላ ለምተርከው ታሪክ ስለሚጠቅም አንባቢ በልቡ ይያዘው።

በአገራችን የራዲዮ ታሪክ በተነሣ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የመስማት ታሪክ ነው። በ1927 ዓ. ም. የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ተመርቆ ሥራውን ጀመረ። በ1928 ዓ. ም. መባቻ፣ የፋሺስት ጦር በድንበር ላይ በተከማቸበት ወራት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ጣቢያ ለውጭ አገር ሕዝቦች ንግግር አደረጉ። ዓለምም ሰማ፤ የሰማው ዓለም ምን መልስ እንደ ሰጠ ግን ታሪክ ያውቀዋል። ከነፃነት በኋላ ጣቢያዎች በረከቱ፤ ባለ ባትሪ ድንጋይ ትራንዚስተርም እስከ ገበሬው ጎጆ ደረሰ። በትምህርት ቤቶች ደግሞ የራዲዮ ትምህርት ተጀመረ። ያን ትምህርት የተከታተለ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ተማሪው በሣጥኑ ውስጥ የሚናገረውን መምህር አጥርቶ ይሰማል፤ ነገር ግን ያልገባው ነገር ቢኖር እጁን አንሥቶ ሊጠይቀው አይችልም። መምህሩ የቀጠረለት ጊዜ ሲያልቅ ይሰናበታል፤ ጥያቄውም ከተማሪው ጋር ይቀራል።

የመመለሱ ታሪክ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም አለ። በአሥመራ በቃኘው ሠፈር ይኖሩ የነበሩ አሜሪካውያን በአማተር ራዲዮ ከአገራቸው ሰዎች ጋር ይነጋገሩ ነበር። ኢትዮጵያም «ኢ. ቲ.» በሚለው ዓለም አቀፍ መለያዋ የራስዋ አማተሮች ነበሯት፤ የኢትዮጵያ ራዲዮ አማተሮች ማኅበር ጣቢያም በአየር ላይ «ኤኮ ታንጎ ሦስት አልፋ አልፋ» እየተባለ የሚጠራው ነው። ከ1966 ዓ. ም. አብዮት በኋላ ይህ ድምፅ ለብዙ ዓመታት ጠፋ። ከ1983 ዓ. ም. በኋላ ግን እንደገና ተሰማ፤ ውሎ አድሮም ጣቢያው በአምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ተቋም ግቢ ለብዙ የምሕንድስና ተማሪዎች መማሪያ ሆነ። ከኢትዮጵያ የሚናገር አማተር በቍጥር ጥቂት በመሆኑ፣ አንድ ተማሪ ማይክሮፎኑን ይዞ የመጠሪያ ምልክቱን በተናገረ ጊዜ ከጃፓን፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድነት ይጠሩታል። ስንናገር ለመስማት የሚሻን ሰው አለመታጣቱ ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ገመዱ እንመለስ። ብዙ ጊዜ በሚሠራበት ማይክሮፎን ውስጥ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ሽፋን አለ፤ ከሽፋኑም በስተኋላ በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ ትንሽ የሽቦ ጥቅል አለ። ሰው ሲናገር ሽፋኑ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቅሉም አብሮ ሲነቃነቅ የቮልት ጥቂት ሺኛ የሚሆን ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ይህ እጅግ ደካማ ኃይል በገመዱ ተጕዞ ወደ ሣጥኑ ይገባል፤ በዚያም ደረጃ በደረጃ ጎልብቶ መቶ ዋት ያህል ሆኖ በአንቴናው ይወጣል። ርዝመቱ ሃያ ሜትር የሆነው ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ አዮኖስፌር ከሚባለው የአየር ንብርብር ተመልሶ፣ ውቅያኖስን ይሻገራል። እንግዲህ ውቅያኖስ የሚሻገረው ድምፅ ከተናጋሪው ዘንድ ሳይወጣ ከሁሉ ይልቅ ደካማ የሚሆነው በገመዱ ውስጥ ሳለ ነው።

ስለዚህ ገመዱ ተራ ሽቦ አይደለም። ድምፁን የሚይዘው ሽቦ በዙሪያው ከስስ መዳብ የተሠራ መረብ ይለብሳል። መረቡ ከሌለ ከግድግዳው መብራት የሚወጣው ጕርምርምታ ወደ ንግግሩ ይገባል፤ ከዚህም የባሰው ራዲዮው ራሱ የሚልከው ሞገድ በገመዱ ተመልሶ ገብቶ የተናጋሪውን ድምፅ ያበላሸዋል። ከድምፁ ሽቦ አጠገብ ደግሞ የመናገሪያው ቍልፍ ሽቦዎች አሉ፤ ቍልፉ በተጫነ ጊዜ ሣጥኑን ከመቀበል ወደ መላክ የሚያዞሩት እነርሱ ናቸው። እያንዳንዱም ሽቦ ጠጕር ከመሰሉ ብዙ ክሮች የተገመደ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ቃል ለዚህ ገመድ የተነገረ ይመስላል፤ ምክንያቱም ገመዱ እየታጠፈና እየተዘረጋ ዓመታት የሚኖረው ክሮቹ ተባብረው ነው። ሲያረጅም በአንድ ቀን አይበጠስም። ከማይክሮፎኑ አንገት አጠገብ፣ ዘወትር በሚታጠፍበት ሥፍራ፣ ክሮቹ አንድ በአንድ ይሄዳሉ፤ ልባሱ ግን ደኅና ሆኖ ይታያል።

ይህንንም በተማሪነቴ ጊዜ በአዲስ አበባ ካወቅኋቸው አማተሮች ተምሬ ነበር፤ ትርጕሙን የተረዳሁት ግን መምህር ሆኜ በይፋግ ሳገለግል ነው። ይፋግ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ወረታን አልፎና የርብን ድልድይ ተሻግሮ፣ አዲስ ዘመን ከመድረሱ በፊት የሚገኝ ጥንታዊ የገበያ ሥፍራ ነው። በቀደሙት መቶ ዓመታት ከአፋር ምድር ተቈርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው በዚህ ገበያ ይራገፍ ነበር። አሞሌ ገንዘብ በነበረበት በዚያ ዘመን ነጋዴው በመንገድ ሁሉ የሚጨነቀው እንዳይሰበርበት ነው፤ የተሸረፈ አሞሌ ጨውነቱ ሳይጠፋ ዋጋው ይወድቅ ነበርና። ገመዱ የተበጠሰ የራዲዮ መነጋገሪያም እንደዚሁ ነው፤ ራዲዮነቱ ሳይጠፋ መነጋገሪያነቱ ይጠፋል።

ከይፋግ በታች እስከ ጣና የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በበጋ ለከብት ግጦሽ፣ ለሩዝና ለልዩ ልዩ እህል የተመቸ ምድር ነው። በክረምት ግን ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሲሞሉ ሜዳው ባሕር ይሆናል፤ መንደር ከመንደር ይለያያል፤ በእግር የሚኬድበት መንገድ በታንኳ የሚኬድበት ይሆናል። ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደዚያ ሜዳ ገና ባልገባበት ዘመን፣ ስሙን መጥራት ለነገሩ የማይጠቅም አንድ መሥሪያ ቤት በይፋግ የራዲዮ መነጋገሪያ ነበረው። በየጥዋቱ በሁለት ሰዓት ወረታ ይጠራል፣ ይፋግ ይመልሳል፤ የታመመ ሰው፣ የሞላ ወንዝ፣ የጎደለ መድኃኒት ካለ በዚያ ይነገራል።

በአንድ ክረምት የማይክሮፎኑ ገመድ መድከም ጀመረ። የራዲዮው ጸሐፊ ገመዱን በአውራ ጣቱ ወደ ግራ አጥፎ ሲይዘው ድምፁ ይሄዳል፤ ሲለቀው ይቋረጣል። እንዲህ ሆኖ ጥቂት ሳምንት ካገለገለ በኋላ የድምፁ ሽቦ ፈጽሞ ተበጠሰ፤ የቍልፉ ሽቦዎች ግን ደኅና ነበሩ። አዲስ ማይክሮፎን እንዲላክ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ቍጥርና ማኅተም ተደርጎበትም ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ሄደ። መልሱ በወሩ መጣ፤ ጥያቄው በሚቀጥለው የበጀት ዓመት የሚታይ መሆኑን ይገልጽ ነበር። መልሱን የጻፈው ሰው ክፉ ነበር ለማለት አልደፍርም። በፊቱ የነበረው ወረቀት «የማይክሮፎን ገመድ፤ ብዛት 1» የሚል ብቻ ነው፤ ርብ መሙላቱንና ሜዳው ባሕር መሆኑን ወረቀቱ አይናገርም።

በዚህ መካከል አንድ ዘዴ ተገኘ። የራዲዮውን አላላክ ኤ. ኤም. ወደሚባለው ሥርዓት ብናዞረው፣ ድምፅ ባይኖርም ቍልፉ በተጫነ ቍጥር ሞገዱ ይወጣል፤ በወረታም እንደ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ሞርስ የሚባለውን የምልክት ፊደል በሁለቱም ወገን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ የወረታው ሰው አስተዋይ ሆኖ በራሱ አንድ ሕግ አወጣ፤ አንድ ፉጨት «አዎን»፣ ሁለት ፉጨት «አይደለም» እንዲሆን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረታ ይጠይቃል፣ ይፋግ ያፏጫል። «ደኅና ናችሁ?» አንድ ፉጨት። «መድኃኒት ጎድሏል?» ሁለት ፉጨት። መጀመሪያ ሁላችንም በብልሃቱ ተደሰትን፤ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ለመስማት ይመጣ ነበር።

የዘዴው ጕድለት የታወቀው አንዲት ሴት ሁለት ቀን ምጥ ይዟት በቃሬዛ ከሐይቁ ወገን በመጣች ጊዜ ነው። ተሸካሚዎቹ ውኃ የሞላው ሜዳ አግዷቸው ከአንድ ከፍታ ላይ አሳርፈዋት፣ አንድ ጎልማሳ ብቻ ዋኝቶ ደረሰ። ወረታ በራዲዮ ጠየቀ። «ታማሚ አለ?» አዎን። «ሴት ናት? ምጥ ነው?» አዎን። «መኪና ይምጣ?» አዎን። ጸሐፊው ከዚህ በኋላ ማይክሮፎኑን ጨብጦ ጥያቄውን ይጠብቅ ጀመር። ሊናገር የሚፈልገው ታንኳ እንደሚያስፈልግ፣ መኪናውም በየትኛው በኩል መምጣት እንዳለበት ነበር። ወረታ ግን ይህን አልጠየቀም። ስለ ታንኳ ለመጠየቅ ታንኳ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋልና። ጸሐፊው ቍልፉን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ተጫነ፤ ለዚያ ግን የተሰጠ ትርጕም አልነበረም። ወረታም «መኪናው ተነሥቷል» ብሎ ዘጋ።

መኪናው መጣ፤ ከውኃው ዳርም ቆመ። ታንኳ ፍለጋ ሰው ተልኮ እስኪመለስ እኩለ ቀን አለፈ። እናቲቱ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ደርሳ ዳነች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ገመዱ ባይበጠስ ኖሮ ሕፃኑ በሕይወት ይኖር ነበር ብዬ ለመፍረድ ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ጸሐፊው በዚያ ማታ «ያልተጠየቅሁትን ለመናገር አልቻልሁም» ብሎ የተናገረውን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔም ከዚያ ወዲህ «አዎን» እና «አይደለም» ብቻ ለማለት የተፈቀደለት ሰው የመናገር ነፃነት እንዳለው አድርጌ ቈጥሬ አላውቅም።

በማግስቱ ማይክሮፎኑን በወረቀት ጠቅልዬ በጭነት መኪና ወደ ወረታ ሄድሁ። በዚያም ራዲዮና ቴፕ የሚያድሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «ጋሼ፣ ለዚህ የሚሆን ገመድ ይገኝ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም መልስ ሳይሰጡ ገመዱን ከአንገቱ ጀምረው በሁለት ጣቶቻቸው እየጫኑ እንደ ወጌሻ ወረዱ። ከዚያም፦

«መምህር፣ ስብራቱ እዚህ ነው» አሉ። «ቆዳው አልተቀደደም፤ አጥንቱ ግን ሄዷል።»

ስብራቱን ቈርጦ የቀረውን ማሳጠር ይቻል እንደ ሆነ ጠየቅሁ። ልባሱን ትንሽ ገፈው አሳዩኝ፤ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር። «እንዲህ ያለ ሽቦ ብየዳ አይቀበልም» አሉና መሳቢያቸውን አወጡ። በውስጡም የዓለም ገመድ ሁሉ የተሰበሰበ ይመስል ነበር። እንደ ምንጭ የተጠቀለለ የስልክ እጀታ ገመድ አይቼ ለዚህ የተፈጠረ ነው ብዬ አነሣሁት።

«ያምራል» አሉ፤ «ግን ልብሱን አውልቀው ይዩት።»

ገፍፌ ባየው ሽቦው የጥጥ ክር ሆኖ በላዩ ስስ የመዳብ ቅጠል ተጠምጥሞበታል። እንዲህ የተሠራው ብዙ ጊዜ ቢታጠፍ እንዳይበጠስ ነው፤ ነገር ግን የብየዳው ብረት ሲነካው ክሩ ይቃጠላል፤ የሽቦ መረብም የለውም። የድምፅ ማጉያ ሽቦ ሁለት መሥመር ብቻ ስላለው ለቍልፉ የሚተርፍ የለም። ለኮምፒዩተር መረብ የሚዘረጋው ገመድ ስምንት ሽቦ አለው፤ ዳሩ ግን ሽቦዎቹ ነጠላና ደረቅ በመሆናቸው በግድግዳ ላይ ለመቀመጥ እንጂ በእጅ ለመወዛወዝ አልተሠሩም። በመጨረሻ ሽማግሌው ከተጣለ የኮምፒዩተር መጻፊያ ሠሌዳ የተቈረጠ ጥቁር ገመድ አወጡ። ልባሱ ለስላሳ፣ በውስጡም አራት የተገመዱ ስስ ሽቦዎች፣ በዙሪያቸው መረብ ያለው ነበር። «ይህ ቀን ሙሉ ከጠረጴዛ ጋር ሲተሻሽ የኖረ ነው፤ መታጠፍን ያውቃል» አሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። ስፒናው ክብ ሆኖ ስምንት እግሮች አሉት። አማተሮቹ አጥብቀው ያስጠነቀቁኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ ስፒናው አንድ ዓይነት ስለ ሆነ አገጣጠሙም አንድ ነው ብሎ ማመን አይገባም። በቆየው ባለ ስምንት እግር ሥርዓት ኬንውድ ድምፁን በአንደኛው፣ ቍልፉን በሁለተኛው እግር ያደርጋል፤ አይኮም ድምፁን በአንደኛው፣ ቍልፉን በአምስተኛው ያደርግና በሁለተኛው ላይ ስምንት ቮልት ያስቀምጣል፤ ያኤሱ ደግሞ ድምፁን በስምንተኛው፣ ቍልፉን በስድስተኛው ያደርጋል። ስለዚህ ለአንዱ የተሠራ ማይክሮፎን በሌላው ላይ ልክ ይገባል፤ ነገር ግን ሰውዬው ለመናገር ቍልፉን ሲጫን ኃይል የተቀመጠበትን እግር ከመሬት ጋር ሊያገናኝ ይችላል። ልክ መግባት ሌላ፣ መግባባት ሌላ ነው።

የሽቦዎቹንም ቀለም አላመንንም። አሮጌውን ገመድ ከመፍታታችን በፊት እያንዳንዱ እግር ከየትኛው የማይክሮፎን ክፍል ጋር እንደሚገናኝ በቴስተር እየለካን በወረቀት ጻፍን። ከዚያም ሽማግሌው ሽቦዎቹን ገፈው፣ አስቀድመው ሊድ አልብሰው፣ አንድ በአንድ በየእግሩ በየዱ። የድምፁን መመለሻና የቍልፉን መመለሻ በተለያየ ሽቦ አደረጉ፤ ሲደባለቁ ጕርምርምታ ያመጣሉና። መረቡን በስፒናው በኩል ብቻ ከመሬቱ ጋር አያያዙ። በማይክሮፎኑ አንገት ውስጥ ገመዱን አንድ ጊዜ ቋጠሩት፤ ሰው ቢስበው ጕተታው ብየዳውን ሳይሆን ቋጠሮውን እንዲያገኘው ነው። በመጨረሻም ገመዱ የሚታጠፍበትን ሥፍራ ሰም በተቀባ ክር ጠምጥመው፣ በላዩ ከብስክሌት ጎማ የተቈረጠ የውስጥ ላስቲክ አለበሱት። እንደ ፋብሪካው ገመድ የሚጠቀለል አልሆነም፤ ቀጥ ብሎ የሚንጠለጠል ነበር። ዋጋውን ስጠይቃቸው የጠየቁኝ ከመጣሁበት የመኪና ሒሳብ አይበልጥም ነበር።

በማግስቱ ጥዋት በሁለት ሰዓት ወረታ እንደ ልማዱ «ይፋግ፣ ደኅና ናችሁ?» ብሎ ጠየቀና ፉጨቱን ጠበቀ። ጸሐፊው ቍልፉን ተጫነ። «ወረታ፣ ይፋግ ነኝ» አለ። «ያልጠየቃችሁኝ ብዙ ነገር አለ፤ ስሙኝ።» ከዚያም የትኛው መንገድ እንደ ተቈረጠ፣ ታንኳ ያላቸው ሰዎች በየትኛው መንደር እንደሚገኙ፣ መኪና እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል፣ ቃሬዛ በየት ቢመጣ እንደሚሻል ሩብ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ተናገረ። ሲጨርስ ከወረታ የመጣው ቃል «ተቀብያለሁ» የሚል ብቻ ነበር። በዚያው ክረምት ሁለት ታማሚዎች በታንኳና በመኪና ተቀባብለው በሰዓታቸው ደረሱ።

ምናልባት አንባቢ «ዛሬ በሜዳው ሁሉ ስልክ አለ፤ ይህ ታሪክ ያረጀ ነው» ይል ይሆናል። ስልክ መግባቱ ትልቅ በረከት ነው፤ የሚክድ የለም። ነገር ግን ስልክ በማማ፣ ማማውም በኤሌክትሪክና በነዳጅ የሚኖር ነው። በ1998 ዓ. ም. ክረምት ማብቂያ ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ባጥለቀለቁ ጊዜ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ቀን የሚያስፈልገው ከመካከል ወደ ዳር የሚነገር ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም፤ ከዳር ወደ መካከል የሚደርስ መልስም ያስፈልጋል። በታኅሣሥ ወር 1997 ዓ. ም. የሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል የአንዳማን ደሴቶችን በመታ ጊዜ የስልክ መሥመር ተቋርጦ ሳለ፣ ወደዚያ ሄደው የነበሩ የሕንድ አማተሮች የደሴቶቹን ወሬ በራዲዮአቸው ለዋናው ምድር አድርሰዋል። ለመከራ ቀን የተዘጋጁ አልነበሩም፤ ለፍቅር የተማሩት ዕውቀት ግን በመከራ ቀን ተገኘላቸው።

በአገራችንም ለዚህ የሚሆን በር አለ። የራዲዮ ሞገድን ጉዳይ በ2011 ዓ. ም. በወጣው ዐዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያስተዳድራል፤ ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ የተከለከለ መሆኑን ተማሪዎች አስቀድመው ማወቅ ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ለመማር ማስተላለፍ አያስፈልግም። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተጣለ የመጻፊያ ሠሌዳ ገመድ፣ አንድ ቴስተርና አንድ የብየዳ ብረት ቢኖረው፣ ተማሪዎቹ ስለ ድምፅ፣ ስለ ማግኔትና ስለ ኤሌክትሪክ በመጽሐፍ የተማሩትን በእጃቸው ሊዳስሱት ይችላሉ። ገመድ የሠራ ተማሪ ነገ ክበብ ለማቋቋም፣ ፈቃድም ለመጠየቅ ልብ ያገኛል። ለመምህራንም ለሹማምንትም የማሳስበው ይህንኑ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያሉ የመነጋገሪያ ዕቃዎች ሲመረመሩ «ይሰማል ወይ?» ተብሎ ብቻ አይለፍ፤ «ይመልሳል ወይ?» ተብሎም ይጠየቅ።

በጠረጴዛ ላይ የሚመጣው ወረቀት «ገመድ፤ ብዛት 1» ቢል ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከዚያች መሥመር በስተጀርባ የሚናገረው ያለው፣ የሚናገርበት ያጣ ሰው ሊኖር ይችላል። ያን ሰው በጥያቄ ብዛት ልንደርስበት አንችልም፤ የምናውቀውን እንጂ የማናውቀውን አንጠይቅምና። የሚበጀው ገመዱን ሠርቶ ወይም አሠርቶ በእጁ መስጠት፣ ከዚያም ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው።